ከክፍል ያስወጣናቸው ርዕሰ መምህራን

ወገኖቼ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሆኖ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ምድሩ ተቆጥቶ ነበር። መምህሩን ወቀስን፣ ሚኒስቴሩን ወቀስን፣ የእጅ ስልኩም ከወቀሳ አልተረፈም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ከዘጠኝ ዓመት በፊት 3ኛ ክፍል ሳሉ ማንበብ መቻል አለመቻላቸውን ማን ይከታተል እንደነበረ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ይህን እንዲከታተል የተመደበ ሰው በየትምህርት ቤቱ አለ፤ እሱም ርዕሰ መምህሩ ነው። ከክፍል አስወጥተን ስብሰባ ለስብሰባ የምናዞረው ግን እኛው ነን።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እጅግ ተለውጧል። የቀድሞው ዲሬክተር ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በር ላይ ቆሞ ያረፈደውን የሚያንበረክክ፣ ኮቴው ሲሰማ ግቢው ጸጥ የሚል ሰው ነበር። ዛሬ ያንን ዘመን የምትናፍቁ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ጸጥታው ከፍርሃት እንጂ ከዕውቀት የመጣ ስላልነበረ ባትናፍቁት ይሻላል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ፣ በኋላም የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራምና በተማሪ ቁጥር የሚሰላው የትምህርት ቤት ድጎማ ሲመጡ፣ ርዕሰ መምህሩ የመማር ማስተማሩ መሪ እንዲሆን በወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ክፍል ገብቶ ትምህርት ይመለከታል፣ አዲስ መምህር ይደግፋል፣ ደካማ ተማሪዎች እንዲታገዙ ያደርጋል ተባለ። ሆኖም ከዚሁ ኃላፊነት ጋር የድጎማው ሂሳብ፣ የመጻሕፍት ሥርጭት፣ የአጥር ግንባታ፣ ምገባ ባለበት ቦታ የምገባው ጉዳይ፣ ማለቂያ የሌለው ሪፖርትም ተጫነበት። ብዙ ጊዜ ጸሐፊም ሂሳብ ሠራተኛም አይኖረውም፤ በገጠር ደግሞ ራሱ ክፍል ይዞ የሚያስተምር አለ።

ይህ ምን እንደሚያስቀር ለማየት አንድ 2ኛ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። ርዕሰ መምህሩ የምልከታ ቅጹን ይዞ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን አንቀጽ ልጆቹ በዜማ እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ ድምፃቸው ደስ ይላል። መሐል ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን አፏ ከሁሉም ጋር እየሄደ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ በቃሏ ያዘችው እንጂ አላነበበችም። ልምድ ያለው ርዕሰ መምህር ይህን ያያል፣ ከትምህርቱ በኋላም ከመምህርቷ ጋር ተቀምጦ ይመክርበታል። ሊያይ ሲል ግን ስልኩ ይጮኻል፤ ወረዳው እስከ ስድስት ሰዓት የሚደርስ ሪፖርት ይፈልጋል። ተነሥቶ ይወጣል፣ የቀረው ቅጽም ቢሮ ውስጥ ይሞላል። የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ያቺ ልጅም ካልታገዘች ነገ ከእነዚህ አንዷ ትሆናለች።

ወረዳውን ብቻ መክሰስ ግን ራስን ማታለል ነው። እኛ ወላጆች የርዕሰ መምህሩን በር የምናንኳኳው መቼ ነው? ቦታ የለም ለተባለ ልጅ ቦታ ለመለመን፣ የወደቀው እንዲዛወርልን ለመማጸን፣ ወይም መዋጮው በዛ ብለን ለመጨቃጨቅ ነው። በወላጆች ጉባኤ ላይ የደንብ ልብስ ቀለም ግማሽ ቀን ሲያከራክረን የንባብ ጉዳይ ሳይነሣ እንበተናለን። ወላጅ መምህር ኅብረቱን ለሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ትተን፣ አጥሩ ሲፈርስ ርዕሰ መምህሩን «ምን ይሠራል ይህ ሰውዬ?» እንላለን። በውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም ለሕንፃ የላካችሁት ገንዘብ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ለምረቃው ድግስ ርዕሰ መምህሩን ስንት ቀን ከሥራው እንዳስተጓጎላችሁት አስቡበት። እርግጥ ነው፣ ወንበሩን ወደ ወረዳ ሹመት መሸጋገሪያ ያደረጉ፣ ከክፍል ይልቅ አዳራሽ የሚመቻቸው ርዕሰ መምህራንም አሉ። እነሱንም ቢሆን ያበረታታናቸው በግድግዳ ቀለምና በግቢ አበባ ብቻ ስለምንመዝናቸው ነው።

በየሰፈሩ ጡረታ የወጣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ግንበኛ፣ የቢሮ ሰው ሞልቷል። አጥሩን፣ የመዋጮውን አሰባሰብ፣ የምገባውን ክትትል ኅብረቱ በእነዚህ ሰዎች አማካይነት ይረከበው። በሚቀጥለው ጉባኤ ላይም ርዕሰ መምህራችሁን «ከ3ኛ ክፍል ልጆቻችን ስንቱ ያነባሉ? በዚህ ወር ስንት ጊዜ ክፍል ገብተው አዩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜ አጣሁ ካሏችሁ እሳቸውን አትቆጡ፤ ተሰብስባችሁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና በትምህርት ሰዓት ለስብሰባ መጠራታቸው እንዲቀር በጽሑፍ አመልክቱ።