ሕጉማ ነበረ
«ድሬዳዋን ጎርፍ የሚመታት ተዳፋት መሬት የሚጠብቅ ሕግ ስለሌለ ነው» የሚለው ላይ አልስማማም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 እኮ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይለቀቅበት ከልክሎ ነበር። ጉዳዩ ብሩ የት ይገባል ነው። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር ግንብ ተሠራ፤ ደግ። ውሃው ግን የሚወርደው ከላይ፣ ከነደንገጎ ተራራ ነው፤ ከፊሉም ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ያለው ምሥራቅ ሐረርጌ ስለሆነ የከተማው በጀት ወሰን ላይ ይቆማል። እኔ ራሴ እህል በሚከፈልበት ሥራ እርከን ሠርቻለሁ። ቆፈርን፣ ድንጋይ ደረደርን፣ ስንዴያችንን ተሸክመን ወረድን። በሁለተኛው ክረምት ግማሹ ተንዶ አገኘነው፤ ለጥገና የተያዘ ሳንቲም የለም ተባልን። «ችግኝ ብቻ ይበቃል» ያልከው ወንድሜ፣ ችግኙንስ ከፍየል ማን ሊጠብቅልህ ነው?