አንድ ኳስ ለአምስት ንጉሥ ይበቃል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «የኤንቢኤን (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) የምንጊዜም ምርጥ ቡድን የሚያዋቅር ሰው ከስም በፊት ሚናን ማየት አለበት።» ሁለት ተከራካሪዎች የየራሳቸውን ቡድን ያቀርባሉ፤ አንድ ተጫዋች በሁለቱም ሊገኝ ይችላል። ሁሉም ተጫዋች በምርጥ ዘመኑ እንዳለ ይቆጠራል። ሕጉ የዛሬው የኤንቢኤ ሕግ ነው፤ ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈም ዋንጫውን ይወስዳል። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሚና ይቅደም

አምስቶቼ ስቴፈን ከሪ፣ ማይክል ጆርዳን፣ ላሪ በርድ፣ ኬቨን ጋርኔት እና ሀኪም ኦላጁዎን ናቸው። ሌብሮን የለም፣ ማጂክም የለም። ስድቡን ትንሽ አቆዩልኝና ስሌቱን እንይ።

ጆርዳን ሜዳ ላይ እያለ ከቡድኑ የማጥቃት ሙከራ ሲሶ ያህሉ የሚያልቀው በእሱ እጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት ከደረደርክ ኳሱ አለቀ፤ የቀሩት ሁለቱ ቆመው ያያሉ። ስለዚህ ከጆርዳን ጎን የማቆመው ኳስ ሳይዝም ተከላካይ የሚያስጨንቅ ሰው ነው። የከሪ የቡድን ጓደኛ የነበረው ክሌይ ቶምሰን በ2016 ታኅሣሥ ላይ ኢንዲያና ላይ 60 ነጥብ ሲያስቆጥር ኳሱን ያነጠረው 11 ጊዜ ብቻ ነበር፤ በእጁ የቆየውም ሲደመር 90 ሰከንድ ገደማ ነው። ከሪ ከዚህም ይብሳል፦ ኳሱን ሰጥቶ ወደ ማዕዘን ሲሮጥ ሁለት ሰው ይከተለዋል፣ ከቅርጫቱ ሥር ያለው ሀኪም ብቻ ለብቻ ይገጥማል። በርድ የሦስት ነጥብ ውድድሩን ከ1986 እስከ 1988 በተከታታይ ያሸነፈ ነው፤ ኳስ እጁ ላይ ሰከንድ ሳትቆይ ያሳልፋል። ከኋላ ጋርኔትና ሀኪም አሉ። ሀኪም ያገዳቸው 3,830 ኳሶች እስከ ዛሬ ያልተደረሰባቸው ናቸው።

ስም ብቻ መሰብሰብ የት እንደሚያደርስ የአቴንስ 2004 ኦሎምፒክ አሳይቷል። አሜሪካ በመጀመሪያው ጨዋታ በፖርቶ ሪኮ 92 ለ73 ተሸነፈች፤ ከሦስት ነጥብ መስመር 24 ሞክራ የገባላት 3 ነው። ተጋጣሚዎች ከቅርጫቱ ሥር ቀለም በተቀባው ክልል ተጨናንቀው «እስቲ ከሩቅ ሞክሩ» አሏት፣ ከሩቅ የሚያስገባ ግን አልነበራትም።

ብቃት ይቅደም

ወንድሜ፣ የአቴንሱን ቡድን ከምንጊዜም ምርጦች ጋር ምን አገናኘው? ሌብሮን፣ ዌድና ካርሜሎ ገና አንድ የውድድር ዘመን የጨረሱ ልጆች ነበሩ። እሱ የጥድፊያ ምርጫ እንጂ የኮከብ ብዛት ችግር አይደለም።

የእኔ ቋሚዎች፦ ማጂክ ጆንሰን፣ ጆርዳን፣ ሌብሮን ጄምስ፣ ቲም ደንከን፣ ካሪም አብዱልጀባር። ተቀያሪዎች፦ ከሪ፣ ስኮቲ ፒፐን፣ ኒኮላ ዮኪች። ማጂክና ሌብሮን ሁለቱም 2.06 ሜትር ናቸው፤ ከተከላካዩ አናት በላይ አይተው ያሳልፋሉ። ኳስ ማካፈልን የሚያውቁ ሰዎች ኳስ ይሻማሉ ማለት ምን ማለት ነው? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ እኔ ጋ ግን ያበሩት ራሳቸው አንበሶቹ ናቸው።

መግባባት ደግሞ ይመጣል። ማያሚ በ2010 ሦስቱን ኮከቦች፣ ሌብሮንን፣ ዌድንና ክሪስ ቦሽን፣ ሰብስቦ 9 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ጀመረ፣ በ2011 ፍጻሜ በዳላስ ተረታ፣ በ2012 እና በ2013 ግን ዋንጫውን ወሰደ። የፓሪስ 2024 ኦሎምፒክንም ተመልከት። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሰርቢያ አራተኛውን ሩብ በ13 ነጥብ ልዩነት እየመራች ገብታ በአሜሪካ 95 ለ91 ተሸነፈች። ሌብሮን፣ ከሪ፣ ዱራንት፣ ኤምቢድ በየክለባቸው ዋና ሰው ናቸው፤ አብረው ሲሰለፉ ማን ማንን አበላሸ?

ሚና ይቅደም

ማያሚን አንተ ስላነሳኸው ደስ ብሎኛል። በ2011 እና በ2012 መካከል ምን ተለወጠ? ቦሽ ወደ ሴንተርነት (ከቅርጫቱ ሥር ወደሚጫወተው ረጅም ሰው ሚና) ተዛወረና ረጅሙን ተከላካይ ከቅርጫቱ አርቆ መጎተት ጀመረ፤ ሌብሮንም ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ከቅርብ ማጥቃት አበዛ። የተለወጠው ሚና ነው! በፓሪሱ ግማሽ ፍጻሜም 36 ነጥብ ያስቆጠረው፣ ዘጠኝ ሦስት ነጥብ ያስገባው ከሪ ነው፤ አንተ ወንበር ላይ ያስቀመጥከው ሰው።

አሁን የአንተን አምስት ሜዳ ላይ ላስቀምጥ። ካሪም በግራ በኩል ኳስ ይጠይቃል። ማጂክ ከላይ ይሰጠዋል። የማጂክ ተከላካይ ግን ማጂክ ጋ አይቆይም፤ ወርዶ ካሪም እቅፍ ውስጥ ይገባል። ማጂክ ከሦስት ነጥብ መስመር በዘመኑ 30.3 በመቶ፣ ጆርዳን 32.7 በመቶ ነበሩ። ካሪም በኤንቢኤ ያስቆጠረው ሦስት ነጥብ በድምሩ አንድ ነው፣ ደንከንም የሩቅ ሰው አይደለም። በማጂክ ዘመን ይህን ተከላካይ ዳኛው ይቀጣው ነበር፣ ያኔ የዞን መከላከል (ሰውን ሳይሆን ክልልን መጠበቅ) ክልክል ነበርና። ከ2001-02 ወዲህ ግን ተፈቅዷል፤ ሰውን ሳይዙ ቀለም በተቀባው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ አለመቆም ብቻ ይበቃል። ገባ ወጣ እያሉ መንገዱን ይዘጉብሃል።

ብቃት ይቅደም

አሰላለፍ የሚበላሸው አሠልጣኙ አምስቱን 48 ደቂቃ ካቆማቸው ነው። አንድ ቡድን በጨዋታ 240 የተጫዋች ደቂቃ (አምስት ሰው በ48 ደቂቃ) አለው። አከፋፈሌ፦ ጆርዳን 36፣ ሌብሮን 34፣ ከሪ 34፣ ደንከን 32፣ ማጂክ 28፣ ካሪም 26፣ ፒፐን 26፣ ዮኪች 24። ቋሚዎቹ አብረው የሚቆዩት በየአጋማሹ መጀመሪያ ስድስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ጆርዳንና ካሪም ያርፋሉ፣ ከሪና ዮኪች ይገባሉ፤ ማጂክ ተኳሽ ያለው ቡድን ይነዳል።

ይልቅ ያንተን መከላከል አስረዳኝ። ከሪና በርድን አብረህ ስታሰልፍ ተጋጣሚህ ማንን እንደሚያጠቃ ያውቃል። በ2016 ፍጻሜ ሰባተኛው ጨዋታ የከሪ ጎልደን ስቴትና ክሊቭላንድ 89 እኩል ነበሩ፤ ክሊቭላንድ በስክሪን (ተከላካይን በሰውነት መንገድ በመዝጋት) ከሪን ወደ ካይሪ ኧርቪንግ አመጣው፣ 53 ሰከንድ ሲቀር ያቺ ሦስት ነጥብ ገባች። ሌብሮን በእያንዳንዱ ማጥቃት «ከሪን አምጡልኝ» ቢል ምን ታደርጋለህ?

ሚና ይቅደም

ስክሪኑ ከመድረሱ በፊት እቀይራለሁ። ከሪ የያዘው ሰው ስክሪን ሊሠራ ሲንቀሳቀስ ጋርኔት ይጮሃል፣ ያን ሰው ራሱ ይወስደዋል፣ ከሪ ማዕዘን ላይ ወዳለው ይሄዳል። ከደረሰም ከሪ ለአፍታ ብቅ ብሎ ሌብሮንን ያዘገየዋል እንጂ አይረከበውም፤ ጋርኔት እስኪመለስ ሀኪም ከኋላ አለ። በርድን የማስይዘው ፒፐንን ነው፣ ከሩቅ ቢተኩስ ቅር አይለኝም።

ደግሞስ በራስህ አከፋፈል ከሪ 34፣ ማጂክ 28 ደቂቃ ነው። ታዲያ ቋሚው ማነው? እርሳስህ ለእኔ ድምፅ ሰጥቷል።

ብቃት ይቅደም

ማኑ ጂኖቢሊ በሳን አንቶኒዮ ከወንበር ተነስቶ ጨዋታ ይጨርስ ነበር፤ በ2008 የምርጥ ስድስተኛ ተጫዋች ሽልማት ሲወስድ ማንም ተራ ተቀያሪ አላለውም። የእኔ የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ሰዎች ከሪ፣ ጆርዳን፣ ፒፐን፣ ሌብሮን፣ ደንከን ናቸው። ሻኪል ኦኒልን ያልመረጥኩትም ለዚሁ ነው፦ በፍሪ ስሮው (ከፋውል በኋላ በሚሰጥ ነፃ ውርወራ) የሚያስገባው 52.7 በመቶ ብቻ የሆነን ሰው በመጨረሻ ደቂቃዎች ሆን ብለው ፋውል ይሠሩበታል።

በርድ ፒፐንን ይያዝ፣ እስማማለሁ። ግን ፒፐን ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ መሰለህ? ጋርኔት ሌብሮንን ሊረዳ አንድ እርምጃ ሲወጣ ፒፐን ከቅርጫቱ ጀርባ ባለው መስመር በኩል ይሾልካል፤ ሌብሮን ደግሞ ያንን ኳስ አሳልፎ አያውቅም እንዳትለኝ። ሀኪም ደንከንን ለቆ ከወጣ ደንከን ኳሱን በሰሌዳው አጋጭቶ ያስገባዋል።

ሚና ይቅደም

ይሞክሩት። ሀኪም ሲወጣ ደንከን ላይ የሚወርደው በርድ ነው፣ ፒፐንንም ሾልኮ ሲገባ የሚጠብቀው ከማዕዘን የመጣው ከሪ ነው። ለሌብሮን የሚቀረው ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚላክ ረጅም ኳስ ነው፤ ኳሱ አየር ላይ እያለ የእኔ ጆርዳን ይደርሳል።