ጳጉሜን 6 እና የተሰረዙት ቴስቶች

አንጀቴን ሲያሳርረኝ የሰነበተውን ነገር ዛሬ ልናገረው። የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ነው። የተሰጠኝ ሥራ፣ የኪራይ ውል የተፈረመበትን ቀን በእኛው አቆጣጠር ተቀብሎ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም መሥራት ነበር።

ሥራውን የጀመርሁት ከቴስት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጠበቅበትን መሥራቱን ከሚፈትሽ አጭር ኮድ፣ ነው። «መስከረም 30 ላይ አንድ ቀን ሲጨመር ጥቅምት 1 ይሁን» የሚል አንድ ዩኒት ቴስት (የፕሮግራሙን አንድ ትንሽ ክፍል ለብቻው የሚፈትሽ) ጻፍሁ፤ ኮዱ ገና ስላልነበረ ቀይ ሆነ፣ ወደቀ ማለት ነው። አረንጓዴ ለማድረግ፣ ማለትም ቴስቱ እንዲያልፍ፣ የሚበቃውን ያህል ብቻ ኮድ ጻፍሁ፤ ከዚያ የተደጋገመውን ወደ አንድ ፋንክሽን (በስሙ እየተጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ሰብስቤ፣ ስሞቹን አጥርቼ፣ ቴስቱን ደግሜ አየሁት። አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ አያስቸግሩም፤ ጭንቁ ያለው ጳጉሜን ላይ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። ስለዚህ ጳጉሜን 6 በ2015 እንድትኖር፣ በ2014 እና በ2016 ግን እንዳትኖር የሚጠብቁ ሦስት ቴስቶች ጨመርሁ።

ኃላፊዬ ይህን ሲያዩ «ደንበኛው የሚከፍለን ለፕሮግራሙ እንጂ ለቴስት አይደለም» አሉኝ።

ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ቀን በቀረሁበት ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ሪፋክተር ላድርገው»፣ ማለትም የኮዱን ውስጥ ላጥራው፣ ብሎ የፈረንጆቹን ስሌት፣ ለ4 ተካፍሎ ምንም የማይተርፈውን፣ አስገባበት። የ2015 እና የ2016 ቴስቶች ወዲያው ቀይ ሆኑ። ምን ሊነግሩት እንደፈለጉ ሳይጠይቅ ሁለቱንም ሰረዛቸው፤ የቀሩት አረንጓዴ ስለሆኑም ፕሮግራሙ ለደንበኛው ተላከ።

ደንበኛው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተፈረመ ውል ሊያስገቡ ሲሞክሩ ፕሮግራሙ «የተሳሳተ ቀን» ይላቸዋል። ወረቀቱን ይዘው ቢሯችን ድረስ መጡ፤ ፊርማውና ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ልጄ፣ እኔ በዚህ ቀን ቁጭ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ እንዴት ቀኑ የለም ይለኛል?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሪፋክተር ማድረግ ማለት የፕሮግራሙ ሥራ ሳይለወጥ ውስጡን ማጥራት ነው፤ ሥራው አለመለወጡን የሚያሳየን ደግሞ ቴስቱ ነው። ጄዩኒት የተባለው የቴስት መሣሪያ ከተሠራ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1997 ወዲህ፣ ዓለም ሲሠራበት የኖረውን ነገር እኛ ዘንድ እንደ ቅንጦት መቁጠር ያሳዝነኛል።

ሁለቱን ቴስቶች መልሼ ስሌቱን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። የተበላሹትን ቀኖች ከደንበኛው መዝገብ ላይ አንድ በአንድ ለማረም ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብን። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኃላፊዬ ጠርተውኝ፣ ለሚቀጥለው ሥራ በማወጣው የጊዜ ሰሌዳ ላይ ለቴስት የሚሆን ቀን እንዳላስገባ ነገሩኝ።