ፊልተሩ ይለይልን እንጂ አይሰርዝብን

በቀን ብዙ ኢሜይል የሚደርሰው ሰው ውሎ አድሮ ፊልተር ማበጀቱ አይቀርም። «ከዚህ አድራሻ የመጣውን እዚያ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ፣ ይህ ቃል ያለበትን አጥፋ» ብሎ አንዴ ያዛል፤ ትእዛዙ ከዚያ በኋላ ሳይታክት ይፈጸማል። ይህን አሠራር አጥብቄ እደግፋለሁ። የምቃወመው ሰው ያላየውን መልእክት እንዲሰርዝ ለፊልተር ሥልጣን መስጠትን ነው።

ፊልተር የመልእክቱን ጉዳይ አይረዳም። የላኪውን አድራሻ፣ ርዕሱን፣ በውስጡ ያሉትን ቃላት፣ የተያያዘ ፋይል መኖሩን አይቶ ይወስናል። «ቅናሽ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ይጥፋ ካልነው ማስታወቂያውም፣ በዋጋ ልንደራደር ያሰብነው ደንበኛ የጻፈልንም አብረው ይጠፋሉ። ጂሜይል ደግሞ ትራሽ፣ ማለትም የተሰረዙ መልእክቶች ማቆያ፣ ውስጥ የገባን መልእክት ከ30 ቀን በኋላ ለዘለቄታው ያስወግደዋል። መልእክት መምጣቱን እንኳ ያላወቀ ሰው ትራሽ ከፍቶ ምን ብሎ ይፈልጋል?

ለዚህ ነው በቃላት ላይ ከተመሠረተ ፊልተር ይልቅ መልእክቱ ለማን እንደተላከ የሚያይ ፊልተር የምመርጠው። በቀጥታ ለእኔ የተጻፈ ነው ወይስ በሲሲ፣ ማለትም ለሌላ ሰው ሲጻፍ ለእኔ ለማወቅ ያህል በቅጂ የደረሰኝ? ሰው የጻፈው ነው ወይስ ከአንድ ሲስተም በራሱ የወጣ ማሳወቂያ? በሲሲ የመጣውንና ማሳወቂያውን ወደየፎልደሩ መላክ ብቻ ኢንቦክሱን በእጅጉ ያቀለዋል፤ የጠፋ ነገርም አይኖርም። ለማናነበው ኒውስሌተር ግን ፊልተር ማበጀት ትርፍ ድካም ነው፤ ከዝርዝሩ መውጣት ይሻላል። ጉግልና ያሁ ከ2024 ጀምሮ የጅምላ ማስታወቂያ ላኪዎች በአንድ ጠቅታ የመውጫ መንገድ እንዲያበጁ አስገድደዋል።

ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት። የማይክሮሶፍቱ የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ ፊልተሮችን «ደንብ» ይላቸዋል፤ ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች በተራ ይፈጽማል፤ አንዱ ደንብ ላይ «ሌሎቹን አትመልከት» የሚለው ምርጫ ከበራ ከእሱ በታች ያሉት ለዚያ መልእክት አይሠሩም። ብዙ ሰው ፊልተሩ ተበላሸ ብሎ የሚያማርረው በዚህ የተነሳ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የኢሜይል ሌቦች የሰው ፓስወርድ እጃቸው ሲገባ ቶሎ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ደንብ መጻፍ ነው። «ክፍያ» ወይም «ኢንቮይስ» የሚል መልእክት ሲመጣ እንደተነበበ ተቆጥሮ ማንም ወደማይከፍተው ፎልደር እንዲገባ፣ ወይም ቅጂው ወደ እነሱ አድራሻ እንዲሄድ ያደርጋሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኢንቦክሷ እንደወትሮው ይመስላታል፤ በጀርባ ግን ሌላ ሰው በእሷ ስም ከአቅራቢው ጋር ስለ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጻጻፋል። ፓስወርድ መቀየር ይህን አያቆመውም፤ ደንቡ ካልተሰረዘ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ አካውንቱ ተነካ ብሎ የጠረጠረ ሰው ፓስወርዱን እንደቀየረ የደንቦቹን ዝርዝር ከፍቶ ያንብብ፤ በጂሜይል ከሆነ የፎርዋርዲንግ፣ ማለትም መልእክትን በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ የማስተላለፊያ፣ ገጹንም ጭምር።

ኩባንያዎቹም ድርሻ አለባቸው። ማይክሮሶፍት በመሥሪያ ቤት አካውንቶች ላይ ወደ ውጭ በራሱ የሚደረግ ፎርዋርድን፣ አስተዳዳሪው ካልፈቀደ በቀር፣ መዝጋቱ ተገቢ እርምጃ ነው። ጂሜይልም ፎርዋርድ ሲከፈት ለመጀመሪያው ሳምንት ኢንቦክሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። የሚሰርዙና ከኢንቦክስ የሚሰውሩ ደንቦችም ከዚህ ያነሰ ጥበቃ አይገባቸውም። አዲስ ደንብ በተጻፈ ቁጥር ባለቤቱ ወዲያው ይነገረው፤ በየወሩም «ይህ ደንብ እነዚህን መልእክቶች ከዓይንዎ አርቋል» የሚል ዝርዝር ይቅረብለት።