ዕድሜ ለተንባዮቻችን

አሜሪካ ውስጥ እንደ ምርጫ ትንበያ ያለ የተባረከ እንጀራ አላየሁም። ሐኪም ቢሳሳት ፍርድ ቤት ይቆማል። ሾፌር ቢሳሳት መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። የምርጫ ተንባይ ሲሳሳት ግን በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ፣ ያንኑ ክራቫት አስሮ፣ ለምን እንደተሳሳተ ይተነትንልናል። ለስህተቱም ለትንታኔውም ይከፈለዋል። ይባርክለት!

ሰሞኑን ደግሞ ሠርጋቸው ነው። ኖቬምበር 3፣ 2026 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ፣ ማለትም በፕሬዚዳንቱ የ4 ዓመት ዘመን እኩሌታ ላይ የሚደረገው የምክር ቤት ምርጫ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። የተወካዮች ምክር ቤቱ 435 ወንበሮች በሙሉ፣ ከሴኔቱ ደግሞ 35 ወንበሮች ለውድድር ይቀርባሉ። በ2024 ሪፐብሊካን 220፣ ዴሞክራት 215 ወንበር አሸንፈዋል። ምክር ቤቱን ለመያዝ 218 ይበቃል። ስለዚህ ዴሞክራቶች የጎደለቻቸው 3 ወንበር ናት። ለዚህች ለ3 ወንበር ነው ይሄ ሁሉ ቴሌቪዥን፣ ይሄ ሁሉ ፖድካስት፣ ይሄ ሁሉ ዩቲዩብ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው።

የሙያው ዋና ምሥጢር አጭር ነው። የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ወንበር ያጣል። አለቀ። በ1994 የክሊንተን ፓርቲ 54 ወንበር አጣ። በ2010 የኦባማ ፓርቲ 63 አጣ። በ2018 የትራምፕ ፓርቲ 40 አጣ። ካለፉት ዘጠና ምናምን ዓመታት ውስጥ ደንቡ በተወካዮች ምክር ቤት የተሰበረው በ1934፣ በ1998 እና በ2002 ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተርም ፕሮፌሰርም አያስፈልግም።

ግን ይህችን ተናግሮ ቤቱ የሚገባን ሰው ማን ይቀጥረዋል? ስለዚህ ነገሩ ይዘረጋል። ካርታ ይመጣል። ለሪፐብሊካን ቀይ፣ ለዴሞክራት ሰማያዊ ይቀባል፤ ደማቅ ቀይ፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ ቀይ ሊሆን ያሰበ ቀይ። ተንባዩ ምንም የማያውቀው ወረዳ ደግሞ የራሱ ቀለም ይሰጠዋል። አያችሁ ብልሃቱን? እኔና እናንተ "እንጃ" ብንል አላዋቂ እንባላለን። እሱ "እንጃ"ን ቀለም ቀብቶ ሲያወጣው ባለሙያ ነው።

በዚህ ረገድ የጥንቱ ሞራ ገላጫችን ያሳዝነኛል። ሞራውን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አተኩሮ አይቶ፣ "ዘንድሮ ዝናብ የለም" ካለ አለ ነው። ዝናቡ ከዘነበ መግቢያ የለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበታል። "ሲደመር ሲቀነስ 3 ነጥብ" (የግምቱ የስህተት ልክ መሆኗ ነው) የምትባል መሸሸጊያ አልተማረም። ምስኪን!

2022ን የሚያስታውስ ሰው የሙያውን ክብር ያውቃል። ያኔ "ቀይ ማዕበል" ይመጣል ተባለ። ምክንያቱም አሳማኝ ነበር። የዋጋ ንረቱ በጁን 9.1 ከመቶ ደርሷል፣ ቤንዚን ተሰቅሏል፣ ባይደንን የሚደግፈው ሰው ከግማሽ በታች ነው። ማዕበሉ በስቱዲዮ ሳምንታት ሙሉ ሲያናፋ ሰነበተና የምርጫው ዕለት ደረሰ። ሪፐብሊካኖች 9 ወንበር ጨመሩ። በሴኔት ደግሞ ጭራሽ አንድ አጡ። ምክር ቤቱን ማን እንደያዘ እስኪታወቅ እንኳ ከሳምንት በላይ ፈጀ።

ታዲያ አፈሩ? ምን ሲደረግ! ዓይናቸውን በጨው አጥበው ተመለሱ። ማዕበሉ ለምን እንዳልመጣ ያብራሩልን እነዚያው ማዕበሉን ያመጡልን ሰዎች ናቸው። ማብራሪያቸው ደግሞ ከትንቢታቸው ያማረ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉም ያስደነቀኝ የዋሽንግተን ግዛት 3ኛ ወረዳ ነው። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የሚባለው ታዋቂ የትንበያ ድርጅት ለዴሞክራቷ ለማሪ ግሉዘንካምፕ ፔሬዝ የሰጣት ዕድል ከ100 2 ነበር። ሴትዮዋ አሸነፈች። አሁን ተንባዩን "ምነው?" ብላችሁ ጠይቁት። "2 ከመቶ ማለት እኮ ዜሮ ማለት አይደለም" ይላችኋል፣ ፈገግ ብሎ። ልክ ነው! ባላንጣዋ ቢያሸንፍ ትንበያው ልክ ነበር። እሷ አሸነፈች፣ ትንበያው አሁንም ልክ ነው። እንዲህ ያለ የማይሸነፍ ነገር ምርጫ ቢወዳደር 435ቱንም ይጠቀልላል። ድርጅቱ ራሱ በማርች 2025 በባለቤቱ በኤቢሲ ተዘጋ። የገዛ መዘጋቱን ስንት ከመቶ ሰጥቶት እንደነበር ግን አልሰማሁም።

በዚያው በ2022 ኮሎራዶ ውስጥ ሪፐብሊካኗ ሎረን ቦበርት በቀላሉ ታሸንፋለች ተብላ ታለፈች። ያሸነፈችው በ546 ድምፅ ነው። ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ወረዳ! አንድ መካከለኛ የሐበሻ ሠርግ ላይ ከሚታደመው ሰው ብዙም አይበልጥም። ግን ታሸንፋለች ተባለ፣ አሸነፈች። ይሄ እንደ ስኬት ተመዝግቧል።

ሙያውን ያዋረዱ አልፎ አልፎ አይጠፉም። በ2016 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ተንባይ ሳም ዋንግ ትራምፕ ከ240 በላይ የኤሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚያስመርጠው የየግዛቱ ድምፅ) ካገኘ ነፍሳት እበላለሁ ብሎ ቃል ገባ። ትራምፕ አሸነፈ። ዋንግም ሲኤንኤን ላይ ቀርቦ ፌንጣ የመሰለች ነፍሳት በላ። በስመ አብ! ይሄ ሰው ለሌሎቹ ምን እንዳደረገ አስቡት። ቃል መጠበቅ ከተለመደ እኮ የኬብል ቴሌቪዥን ተንታኝ ሁሉ ምሳውን ፌንጣ ሊያደርግ ነው። የሪፐብሊካኑ አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪችም እንዲሁ አጥፍተዋል። በ1998 ፓርቲያቸው ወንበር ይጨምራል ብለው 5 ወንበር ሲያጡ፣ በቀናት ውስጥ አፈ ጉባኤነቱን እንደሚለቁ አስታወቁ። ደግነቱ ፖለቲከኛ እንጂ ተንባይ አልነበሩም፤ ተንባይ ቢሆኑ ኖሮ ዕድገት ያገኙ ነበር።

አሁን ደግሞ ሥራውን የሚያቀሉላቸው ደጎች ተነሥተዋል። በ2025 ኦገስት ቴክሳስ የምርጫ ወረዳዎቿን ካርታ እንደገና ሣለች፤ ለሪፐብሊካን 5 ወንበር እንዲጨምር ተብሎ። ካሊፎርኒያ ዝም አላለችም፤ በኖቬምበር ሕዝቡን ድምፅ አሰጥታ ለዴሞክራት የሚያደላ ካርታ አጸደቀች። እንዲህ ከሆነማ መራጩ ምን እንደሚያስብ መገመት ለምን ያስፈልጋል? እርሳሱን ማን እንደያዘ ማየት በቂ ነው። በዚህ ላይ ውርርዱ አለ። ካልሺ የተባለው ኩባንያ በ2024 ፍርድ ቤት ረትቶ ምርጫን መወራረጃ አደረገው። ድሮ ሰው በተሳሳተ ትንበያ የሚያጣው ጊዜውን ብቻ ነበር፤ አሁን የቤት ኪራዩንም ጨመሩለት።

ሌላም ውለታ አላቸው። ምርጫ ጣቢያ የመሄድን ድካም ቀንሰውልናል። በ2014ቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ድምፅ የሰጠው 36 ከመቶ ገደማ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ዝቅተኛው። የቀረው ሰው ምን ያድርግ? ውጤቱን ቀድሞ ሰምቷል። ያለቀ ፊልም ለማየት ማን ይሰለፋል?

የኛ ሰው በዚህ ጥበብ ወደ ኋላ አልቀረም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካለ የሐበሻ ካፌ ቅዳሜ ከሰዓት ግቡ። አንድ ጋሼ አይጠፉም። ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ተሰክቷል፣ ስክሪኑ ላይ ካርታ አለ። በሁለት ጣት ከፈት አድርገው አይዋን ያጎሏታል።

"አይዋ አለቀላት!" ይላሉ።

"ማን ወሰዳት ጋሼ?"

"እሱ ገና ነው። ግን አለቀላት።"

አይዋን ረግጠው አያውቁም። አንድ የአይዋ ሰው አላወያዩም። ግን ወረዳዎቿን በቁጥር ያውቋቸዋል፤ ገበሬው ስለ አኩሪ አተር ዋጋ ምን እንደሚያስብም ይነግሯችኋል። ኔብራስካን ደርበው ይሰጧችኋል። የሰሜን ካሮላይናን ሴኔት ዘግተው የጆርጂያን ይከፍታሉ። የካፌው ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ነው የሚሰማቸው። እኔም ሰምቻለሁ፣ አፌን ከፍቼ።

መኪናቸው በር ላይ ቆማለች። ታርጋዋ የዋሽንግተን ዲሲ ነው። ታርጋው ላይ የከተማዋ ነዋሪ ያለ ውክልና ግብር መክፈሉ ይብቃ የሚል ጽሑፍ አለ። እውነትም ዲሲ ሴኔተር የላትም። ምክር ቤቱ ውስጥ ያላት አንድ ተወካይ ናት፤ እሷም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። ጋሼ ከሚተነብዩት 435 ወንበር አንዱም የሳቸው አይደለም።

በቀደም አንድ ልጅ፣ ከኮሌጅ የመጣ መሰለኝ፣ ይህንኑ አነሣባቸው። "ጋሼ፣ ለእርስዎ ሰፈርስ ማን ይሻላል ይላሉ?"

ቀና ብለው በመስኮቱ መኪናቸውን አዩ። ማኪያቶውን ጨለጡት።

"የኛንማ ተወው" አሉት። "ይልቅ ቻርጀሩን አቀብለኝ፣ ሜይን ተገልብጣለች።"