ለክቡር እንግዳችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!

የመጀመሪያው የኦስካር የፊልም ሽልማት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1929 ነው። ሆሊውድ ውስጥ ሩዝቬልት በሚባል ሆቴል 270 ያህል ሰው ተሰብስቦ እራቱን በላ። መግቢያው 5 ዶላር ነበር። ከዚያ ሽልማቱ ታደለና በ15 ደቂቃ አለቀ።

በ15 ደቂቃ! ምስኪኖች። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ በ15 ደቂቃ ማይክ እንኳን ሞክረን አንጨርስም። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ይባላል። ማይኩ ይጮኻል። ልጁ ገመዱን ነካ ነካ ያደርገዋል። እንደገና «ሄሎ»።

አሸናፊዎቹም ቢሆኑ ማሸነፋቸው ከሦስት ወር በፊት ተነግሯቸው ነው የመጡት። በኋላ ነገሩ ምሥጢር ይሁን ተባለ። የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ቀደም ብሎ ለጋዜጦች ይሰጣል፣ እነሱ ደግሞ ሰዓቱ እስኪደርስ አፋቸውን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሎስ አንጀለስ ታይምስ አላስችል አለውና ቀድሞ አወጣው። በዓመቱ የታሸገ ፖስታ መጣ። ያ ሁሉ ልፋት ማን እንዳሸነፈ ለመደበቅ! እኛ ዘንድ ማን አሸነፈ ብሎ የሚጨነቅ የለም። አዳራሹን ሙሉ ልቡን ሰቅሎ የሚያቆየው ጥያቄ አንድ ነው፤ የክብር እንግዳው ይመጡ ይሆን?

አምና በጥቅምቱ ውርጭ እዚሁ ከተማችን ለአጫጭር ፊልሞች ሽልማት ተጠርቼ ነበር። ጥሪው ከጠዋቱ 2:30 ይላል። ፊልሞቹን የሠሩት ልጆች ገና በጠዋቱ ደርሰው ከኋላ ቆመዋል። ፊት ለፊት ሶፋ ተደርድሯል። ከሶፋው ፊት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የታሸገ ውሃና ሶፍት። ሶፋው ባዶ ነው፤ ማንም ንክች አላደረገውም። አንዲት እናት ጉልበታቸውን ቢያማቸው ጫፉ ላይ ሊያርፉ ሲሉ አስተናባሪው በትሕትና አስነሳቸው። ሥነ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው።

«ክቡር እንግዳችን መንገድ ላይ ናቸው» ተባለ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ መንገድ ላይ ናቸው። አራት ሰዓት አለፈ፣ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። ቢሮአቸው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ያማርራል። እኔ ግን እላለሁ፣ አስፋልት ለመሻገር ያን ያህል ጊዜ የሚወስድ ሰው ምን ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ነው!

በመጨረሻ መጡ። ማለቴ፣ ተወካያቸው መጡ። በውክልና ነገር አሜሪካኖቹም ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርሎን ብራንዶ ምርጥ ተዋናይ ተብሎ ሲመረጥ ሳቺን ሊትልፌዘር የምትባል ወጣት ወክሎ ላከ፤ ሽልማቱን አልቀበልም እንድትልለት። የላከላትም ንግግር ረጅም ነበር። ግን ጊዜ የለም ተብላ መድረኩ ላይ አላነበበችውም፣ በኋላ ለጋዜጠኞች ነው ያነበበችው። እንግዳ እንዲህ ይደረጋል? እኛ ጋ መጥታ ቢሆን ኖሮ ከነመግቢያው ታነበው ነበር፣ ሲያልቅም «ሌላ የሚጨምሩት ካለ» ተብላ ትጠየቅ ነበር።

የእኛ ተወካይ «ጊዜ ስለሌለን አጠር አድርጌ» ብለው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጀመሩ። ከሰማይ የወረደውን ብርሃን፣ የከተማዋን መቆርቆር ሰማን። ከዚያ አንኮበር ወጣን። መንዝ ተሻግረን ስለ በግ ተነገረን። በጣርማ በር ዋሻ ሾልከን ደብረ ሲና ወረድን፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እንዲያውም ትንሽ ሞቀን። አሁን ፊልም ይመጣል ስንል የመጣው የማዳበሪያ አቅርቦት ነው። ፊልም የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ አንዴ ተነሳ፤ እሱም «የፊልም ጥበብ ለገጽታ ግንባታ» በሚለው ውስጥ ተደብቆ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከብርዱም ነው፣ እጅ ማፍተልተያ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ኦስካሮቹ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ1943 ግሪር ጋርሰን የምትባል ተዋናይት ስታሸንፍ አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ተናገረች። ይኸው እስከ ዛሬ በረጅምነቱ ይጠቀሳል። አሁንማ ለአሸናፊ የሚሰጠው 45 ሰከንድ ነው፤ ካለፈ ኦርኬስትራው ሙዚቃውን ይለቅበታል። እንግዲህ ስሕተታቸውን አያችሁት? ሰዓት የሚቆጥሩት በአሸናፊው ላይ ነው፣ ማውራት ያለበት ሰው ግን ጭራሽ አልተጋበዘም! እ.ኤ.አ. በ2002 ዝግጅታቸው 4 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ፈጅቶ «ረዘመ» ተብሎ አገር ተንጫጫ። እኛ በዚያ ሰዓት ገና ሻይ እረፍት ላይ ነን።

ከሁሉ የገቡኝ ሕንዶች ናቸው። ብሔራዊ የፊልም ሽልማታቸው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር ጀምሮ በልማድ ሸላሚው ፕሬዚዳንቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ፕሬዚዳንቱ 11 ሽልማት ብቻ ሰጥተው ሌላው በሚኒስትር ይሰጥ ሲባል ከ50 በላይ ተሸላሚዎች ቀሩ። እነዚህ ወንድሞቻችን ናቸው! ዋናው ሽልማቱ ሳይሆን ሰጪው እጅ መሆኑን የተረዱ። አንድ ጉድለት ብቻ አየሁባቸው፤ እነሱ ተቆጥተው ቀሩ፣ የኛዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ።

አገር ቤት ደግሞ ጉማ የሚባል የፊልም ሽልማት አለ። ዮናስ ብርሃነ መዋ በ2006 ዓ.ም. ሲጀምረው ስሙን የወሰደው ከድሮው «ጉማ» ፊልም ነው። የፊልም ሽልማትን በፊልም ስም መጥራት! እስቲ አሁን አንድ የሥራ ኃላፊ ስም ጠፍቶ ነው?

ወደ እኛው አዳራሽ ልመለስ። ሽልማት ሲጀመር መጀመሪያ የተጠሩት የክብር እንግዳው ተወካይ ናቸው። ለምን ቢባል፣ ስለመጡ። ጥቁር የመንዝ በርኖስ ተደረበላቸው። እልልታው ቀለጠ። ቀጥሎ ስፖንሰሮች፣ ቀጥሎ አዳራሹን የፈቀዱት፣ ቀጥሎ አስተናባሪው ራሱ። ምርጥ ተዋናይ የተባለው ልጅ ሲጠራ ተወካዩ ሌላ ስብሰባ ነበረባቸውና ወጥተዋል። በስስ ጃኬት እየተንቀጠቀጠ መጥቶ በፍሬም የገባ ሰርተፍኬት ተቀበለ። ፍሬሙ ጀርባ ላይ ዋጋው እንደተለጠፈ ነው። እንዳታቃልሉት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ሲጠፋ ኦስካሮቹም ለሦስት ዓመት ዋንጫቸውን ከጄሶ ነበር የሠሩት። ልዩነቱ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ በብረት ቀየሩላቸው።

የመታሰቢያ ፎቶው ግን ቀደም ብሎ፣ ተወካዩ ሳይወጡ ተነስቷል። መሀል ላይ በርኖሱ ግርማ ሞገስ ሰጥቷቸው ቆመዋል። በስተቀኝ ጠርዝ አንድ ትከሻ ይታያል። የምርጥ ተዋናዩ ነው። በማግሥቱ የወጣው ዜና የተወካዩን ሙሉ ስም፣ ማዕረግና አራት አንቀጽ ንግግር ይዟል። የፊልሞቹ ርዕስ ቦታ አልበቃውም።

ለዘንድሮው አዘጋጆች አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ትተን በቀጥታ «የዓመቱ ምርጥ የክብር እንግዳ» የሚል ዘርፍ እንክፈት። ምርጥ አረፋፈድ፣ ምርጥ ውክልና፣ በሰው ንግግር መሀል ምርጥ የስልክ ጥሪ እያልን በየፈርጁ እንሸልም። ዳኞቹ ተዋንያኑ ይሁኑ። ከኋላ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።