የእርቁ ነገር የት ገባ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የብራምስ የቫዮሊንና የቼሎ (ድምፁ ወፍራም የሆነ ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ) ኮንቸርቶ፣ ማለትም ሁለቱ መሣሪያዎች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱት ሥራ፣ ለቼሎ ተጫዋቹ ሮበርት ሃውስማን እንደተጻፈ ተናግሮ አለፈ። ልክ ነው፤ ግን ዋናው ታሪክ ቀረ። ቫዮሊኒስቱ ዮአኪም የብራምስ የልብ ወዳጅ ነበር። ሚስቱን አማሊን ሲጠረጥራት ብራምስ ለእሷ ወግኖ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ደብዳቤው በፍቺው ክርክር ፍርድ ቤት ቀረበና ወዳጆቹ ለዓመታት ተኳረፉ። በ1887 (እ.ኤ.አ.) ይህ ሥራ መጣ፤ የብራምስ ወዳጅ የሆነችው ፒያኒስት ክላራ ሹማንም የእርቅ ሥራ መሆኑን ጽፋለች። በዚያው ዓመት ኮሎኝ ላይ ብራምስ ኦርኬስትራውን እየመራ ዮአኪምና ሃውስማን ተጫወቱት። አጀማመሩን ልብ በሉ፦ ኦርኬስትራው ጥቂት ተጫውቶ ዝም ይላል፣ ቼሎው ብቻውን ይገባል፤ ቫዮሊኑ የሚከተለው ቆይቶ ነው። ሃውስማን የዮአኪም ኳርቴት (የአራት ተጫዋቾች ቡድን) አባል ስለነበር፣ ቼሎው እንደ ሽማግሌ ቀድሞ ገባ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።